እልልታ የተከለከለበት ቀን

ፖሊሶች የያዙኝ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የቤርሸባ የፋብሪካ ሰፈር፣ ከምሠራበት መጋዘን በር ላይ ነው። የሥራ ጓንቴን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። እንደ እኔ ያሉ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያለ ክስ መታሰራቸውን ተቃውመን በዚያው ሳምንት ቤርሸባ መሃል ሰልፍ ወጥተን ነበር፤ መፈክር ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ አሳዩኝ። "ወንጀሌ ምንድን ነው?" አልኩ። የመለሰልኝ የለም። እስከ ዛሬም የለም።

የእስር ክፍሉ ለአራት ሰው የተሠራ ነው፤ ስምንት ነበርን። ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ የመጸዳጃው በር ግማሽ ነው። ጥጉ ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን የቀድሞ ፓስተር አየሁና አንገቴን ደፋሁ። እኛ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ የምንሰበሰብ ጥቂት ምእመናን ነን። እኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነኝ፤ እሳቸውን ከመድረክ ካወረዱትም አንዱ ነኝ። ጥፋታቸው? መሳቅ ያበዛሉ። "ሕዝቡ እያለቀሰ መሪ እንዴት ይስቃል?" ብዬ በስብሰባው ላይ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

እሳቸው ግን ብድግ ብለው አቀፉኝ፤ ፍራሻቸው ላይ ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ።

በሦስተኛው ቀን አንዱ እስረኛ ከጠበቃው ጋር ተገናኝቶ ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ። ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ስልክ ልደውል ብሎ ቢለምን ከልክለውታል። ግድግዳውን ተደግፎ ዝም አለ። እኔ የሚያጽናና ቃል ስፈልግ፣ ፓስተሩ ተነሱና "ልጅ ተወልዳማ ዝም አይባልም!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አባትየው እያለቀሰ ይስቅ ጀመር። እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

ጠባቂዋ እየሮጠች መጣች። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እሷ እዚሁ የተወለደች ናት። "ሼኬት! አባባ፣ ዝም በሉ! እልልታ አሱር ነው፣ ክልክል ነው!" ከኋላዋ አለቃዋ በዕብራይስጥ ጮኸ። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመችልን፤ "ግቢ መውጣት ቀርቷል። ፍራሽም ይወሰዳል።"

ፍራሾቹ ሲወጡ ደሜ ፈላ። "ይኸው ሲሚንቶ ላይ ልንተኛ ነው! በእንዲህ ያለ ቦታ እልል ይባላል?" አልኳቸው ፓስተሩን።

"አንተ ብቻ የተቆጣህ መሰለህ?" አሉኝ። ተቆጥተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። "አባትን ከአራስ ልጁ ለይተው! እኔም ተቃጥያለሁ። ግን ደስታውን አብረነው ካልተደሰትንለት፣ እኛ ለምኑ ነው መሪ የተባልነው? ለምእመናኑ ስለ ደስታ የጻፈው ሐዋርያ እኮ የታሰረ ሰው ነበር።"

በቆጠራ ሰዓት አለቃው ተመልሶ መጣ። "ማን ነው የጀመረው? ለብቻው ይቆለፍበታል" አለች ጠባቂዋ ስትተረጉም። ፓስተሩ ጉልበታቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ጫን አደረግሁና ቆምኩ።

"እኔ ነኝ።"

እኔ እንዳልሆንኩ ታውቃለች፤ አፌን ዘግቼ ቆሜ አይታኛለች። "ለምን እልል እንዳሉ ይጠይቅዎታል" አለችኝ ብቻ።

"ልጅ ተወልዳልናለች በዪው። እንኳን ደስ አላችሁ ይበለን።"

ሁለት ቀን ለብቻዬ ተቆለፈብኝ። ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ፣ በሩን ከፍተው "ሂድ" አሉኝ።

ቁጣዬ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ሰውን ያለ ክስ የሚቆልፍ እጅ ዛሬም እየቆለፈ ነው። የሚያስቆጣኝ ሌላም አለ፤ እኛ መሪ ነን ባዮቹ ኀዘንን የቅድስና ማስረጃ አድርገን ምእመኑን ስንት ዓመት እንዳጎበጥነው። አሁን ሽማግሌ ሲመረጥ፣ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ሌሎቹ ይጠይቁታል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤

"አንተ ባለህበት ቤት ሰው ይስቃል?"