የአዴ ዘይነባ ሪሃን

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ለክትትል ሆስፒታል ወስጄው ነበር። ካንሰሩ ከታከመ ወዲህ ሰውየው ዝም ብሏል። ምግብ አያሰኘውም፤ ወዳጆቹ ሲመጡ የተኛ ይመስላል። ሐኪሟን ለብቻዋ አግኝቼ፣ ይህን ድባቴ የሚያቀል የተክል መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። ከዕፀዋት የሚገኙ ውህዶች እየተጠኑ እንደሆነ፣ ተስፋ የሚሰጡ ቢኖሩም ገና እርግጡ እንዳልታወቀ ነገረችኝ። ሌላም ብዙ ነገር አስረዳችኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሐረር ገብቶ ነበር።

ወጣት ሳለሁ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ከደብረ ብርሃን ሐረር ተመደብኩ። በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙም ሳይርቅ፣ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አዴ ማለት በዚያ አገር እናት እንደማለት ነው። ከአንድ ልጃቸው ከኑሪያ ጋር ይኖሩ ነበር። ኑሪያ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜያችን እኩል ስለሆነ ወዲያው ጓደኛሞች ሆንን። ማለዳ ማለዳ አዴ ከቡና ቅጠል በወተት የሚያፈሉትን ሆጃ ጠጥቼ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ጨው ጣል ይደረግበታል። መጀመሪያ ግር አለኝ፤ ኋላ ግን ያለ እሱ ቀኑ የማይነጋ ይመስለኝ ጀመር።

በዓመቱ አዴ ጡታቸው ላይ እባጭ ተገኘባቸው። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ የመጀመሪያውን ዙር መድኃኒትም ወሰዱ። ለቀጣዩ ዙር እንዲመለሱ ተቀጠሩ። የተመለሱት ሴት ግን ሌላ ነበሩ። ቀይ ምንጣፍ በተነጠፈበት መደብ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ። ሆጃው ቀርቦላቸው ይቀዘቅዛል። በዚያ ክረምት ከቤቱ ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወራው። ቀጠሮው ሲቃረብ ኑሪያ ስለ ጉዞው አነሳች።

"አልሄድም" አሏት። "አላህ የሰጠኝን ኖሬያለሁ። ተዉኝ።"

እህታቸው ጥቁር አዝሙድና ከጅዳ የመጣ ዛፍራን የሚሉትን ቀይ ቅመም ይዘው መጡ፤ በወተት ይጠጡት፣ ልብን ያበራል አሉ። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ትዝ አለኝ። ተክል ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል ራሱን የሚጠብቀው በውስጡ በሚያዘጋጃቸው ውህዶች ነው። ከዚያ ውስጥ ለሰው ሐዘን የሚሆን ቢገኝ ምን ይደንቃል? ሆኖም እኔና ኑሪያ ከመድኃኒቱ ጋር እንዳይጋጭ ፈራንና ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ወዳለው ሐኪም ሄድን። ወጣት ነበር፤ በትዕግሥት አዳመጠን።

"ዛፍራኑ ይረዳ እንደሆነ አላውቅም" አለን። "የሚጠጣ ነገር ሳትነግሩኝ አትስጧቸው። ሽታውን የሚወዱት ቅጠል ካለ ግን አጠገባቸው ይቀመጥ፤ እሱ አይጎዳም። ሐዘኑ ራሱ ሕመም ነው፤ እሱንም እናክማለን።"

ለሐዘኑ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘ፤ ለውጡ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችልም ነገረን። ኑሪያ በዚያው እናቷ የሚወዱትን ሪሃን ገዛች፤ ከበሶብላ ጋር የሚቀራረብ ሽታ ያለው ቅጠል ነው። እራስጌያቸው አስቀመጠችው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ዞረው አላዩትም። አንድ ጠዋት አዲስ እስር ስታስቀምጥ ግን አዴ ከግድግዳው ዞር አሉ።

"ይሄ የከረመ ነው። ከማን ነው የገዛሽው?"

በሚቀጥለው ቀን ያመጣነውንም ናቁት። ከየት እንደመጣብኝ ሳላውቅ፣ "እንግዲያው እርስዎ ይምረጡልን፤ እኛ አናውቅበትም" አልኳቸው። ኑሪያ ደንግጣ አየችኝ። አዴ ተመልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ግን ሻሻቸውን አስረው ተቀምጠው አገኘናቸው። ግራና ቀኝ ደግፈናቸው ወጣን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ የጠባቡ መንገድ ድንጋይ ያበራል፤ በኖራ የተቀባው ግንብ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በጉሙ ውስጥ እየተራመድን ሳይሆን እየተንሳፈፍን የምንሄድ ይመስለኝ ነበር። ከፈላና በር ስንወጣ የገበሬ ሴቶች ከቆላው አትክልትና ቅጠል ተሸክመው ይመጣሉ። አዴ ለዓመታት ሪሃን የገዟት አንዲት ሴት ገና ከሩቅ ጠራቻቸው። የት ጠፍተው እንደከረሙ ጠየቀቻቸው። የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ በቆይታዬ የለቃቀምኳት ቋንቋ ግን ለመልሳቸው በቃችኝ።

"ጡቴን ቆረጡኝ" አሏት አዴ።

ለእኛ አንድም ቀን በአፋቸው ያላሉትን ነው። ሴትዮዋ ሸክሟን አስቀመጠች፤ እጃቸውን ይዛ ጆንያዋ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አጠገባቸውም ተቀመጠች። አብረው አለቀሱ። ሰው በአጠገባቸው እያለፈ፣ ጉሙ እየተገፈፈ፣ ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ኑሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስንመለስ አዴ ቅጠሉን በሙሉ ክንዳቸው ታቅፈውት ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ አረፍ አሉና አውቶቡሱ በየትኛው ቀን እንደሚነሳ ኑሪያን ጠየቋት።

ሄዱ፤ ሕክምናውንም ጨረሱ። ጸጉራቸው እንደ ጫጩት ላባ ሆኖ ተመለሰ። ኑሪያን ዳሩ፤ የልጅ ልጅ አቀፉ። ከዓመታት በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ወሰዳቸው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተዛውሬ ነበር፤ ኑሪያ እንደነገረችኝ ግን እስከ መጨረሻው ሰው ይጠሩና ያጫውቱ ነበር።

ከመደቡ ያስነሳቸው ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። የሐኪሙ መድኃኒት በሰዓቱ ሠርቶ ይሆናል። ቅጠሉ ውስጥ አንዳች ነገር ኖሮ ይሆናል፤ ያን የሚያጠኑት ይድረሱበት። እኔ ያየሁት፣ አዴ ለዚያች ሴት ከተናገሩ በኋላ አተነፋፈሳቸው እንደተለወጠ ነው።

ትናንት ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ይህንኑ ለባለቤቴ ተረክኩለት። የሚሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። ስጨርስ ግን፣ "ለሁለተኛው ዙር ሲመለሱ አልፈሩም?" አለኝ።

"ፈርተዋል። መንገዱን ሙሉ የኑሪያን እጅ አልለቀቁም።"

ወደ እኔ ዞረ።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለ።

ወንበሬን አስጠጋሁ።