እታገኘሁን «እትዬ» ያሰኛት አፕ

እታገኘሁ ተክለሃይማኖት ዕድሜዋን የጠየቃትን ሰው አትቀየምም፤ ግን አትረሳውም። በሜልቦርን ዳርቻ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር ከመንግሥት በተከራየችው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። መሃል ከተማ የሰው ቢሮ ስትጠርግ፣ የሰው መጸዳጃ ቤት ስታሽ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጡረታ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን የምታወራው «ሥራ ቀነስኩ» እያለች ነው።

በስደት ሱዳን ስትገባ የልደት ወረቀት አልነበራትም። የመዘገባት ሰውዬ ፊቷን ትክ ብሎ አየና የመሰለውን ዓመት ጻፈ፤ ቀኑን እንደ ሌላው ስደተኛ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ አደረገው። በወረቀት ከሆነ የደብሩ ግማሽ ሕዝብ ልደቱ ጃንዋሪ አንድ ነው። «ያን ዕለት በጭነት መኪና አሸዋ ስቅም ውዬ ነበር» ትላለች እታገኘሁ። «ሰውዬው ያየው የእኔን ፊት ሳይሆን የመንገዱን ነው።» ስለዚህ የወረቀቱን ዕድሜ ለመንግሥት ትታ፣ ለራሷ ከላዩ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል አንስታ ትኖር ነበር።

ለዚህ ደግሞ ዘዴ ነበራት። ካርቱም ጎረቤቷ የነበረችውን፣ ዛሬ እዚያው ሜልቦርን ፉትስክሬይ ሰፈር የምትኖረውን ፍቅርተማርያምን ሁልጊዜ «እትዬ» ነው የምትላት። «እትዬ ፍቅርተማርያም፣ እርስዎ ይቅደሙ። እርስዎ ይቀመጡ።» የሰማ ሁሉ «እንዴት ያለች ትሑት ናት!» ይላል። ፍቅርተማርያምን ግን አክብሮቱ እንደ ጋሬጣ ይወጋት ነበር። አንዷ «እትዬ» በተባለች ቁጥር ሌላዋ ልጅ እየሆነች እንደምትሄድ አልጠፋትም።

አንድ ቅዳሜ ልጇ ሀሴት መጣችና የእናቷን ስልክ ተቀበለቻት።

«ማሚ፣ ከእንግዲህ አንድ ሎግኢን ብቻ ነው። ሐኪሙ፣ ጡረታው፣ የቤት ኪራዩ፣ ታክሱ፣ ሁሉም በአንድ የመንግሥት አይዲ ይከፈታል።»

«በአንድ?»

«በአንድ። ኢዚ ነው።»

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማሽም?»

«ኢትስ ሴኪዩር፣ ማሚ! ማንም አይገባበትም።»

የአይዲው አፕ በመጀመሪያ አሻራ ጠየቀ። የእታገኘሁ ጣቶች ግን ስንት ዓመት በረኪና ውስጥ ከርመው አሻራቸው ተልጧል፤ ስልኩ ደጋግሞ ቢሞክር ምንም አላገኘም። ቀጥሎ ፊቷን ጠየቀ። በመነጽር ሲያያት ያውቃታል፣ መነጽሯን ስታወልቅ ይክዳታል። ሀሴት ደከማትና በፓስወርድ ይሁን አለች። ረጅም፣ ቁጥር ያለበት፣ ማንም ሊገምተው የማይችል።

«ከእግዚአብሔርና ከንስሐ አባቴ በቀር ማንም የማያውቀው ስም አለኝ» አለች እታገኘሁ፣ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሳሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የክርስትና ስሟ ነበር። ክፉ ልብ ያለው ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብላ ስለምትፈራ ለጎረቤት እንኳ አትነግርም። እኛም እዚህ አናነሳውም። ስሙን በልጇ ጆሮ ሹክ አለችና መጨረሻው ላይ ሃያ አንድ ቁጥርን አስጨመረች፤ የእመቤታችን ቀን ናት ብላ። የስልኩን መዝጊያ ኮድ ግን አስጠፋችው። ስልኩን በከፈተች ቁጥር እንቆቅልሽ መፍታት ሰልችቷት ነበር።

ያልታሰባት ነገር ግን ነበር፦ ልትቆርብ በቀረበች ቁጥር ካህኑ ስመ ክርስትናዋን ይጠይቃታል፤ እሷም ትመልሳለች። ከኋላዋ የሚቆም ሰው ደግሞ ጆሮ አለው።

በአንድ እሑድ እንደ ልማዷ ስልኳ ያለበትን ቦርሳ ለፍቅርተማርያም አስይዛ ቆርባ ተመለሰች። ፍቅርተማርያም ቦርሳውን ዓይኗን ሰብራ መለሰችላት። እታገኘሁ የጸሎት መስሏት «እግዚአብሔር ይቀበልልዎ» አለቻት።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፍቅርተማርያም ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ይቀመጡ፣ እትዬ እታገኘሁ!»

እታገኘሁ ሌላ እታገኘሁ ያለች መስሏት ወደ ኋላዋ ዞር አለች።

«እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ነውር ነው!» አለች ፍቅርተማርያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

የደብሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሼ አምሳሉ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምን ተገኘ?»

«ሰባ ሦስት ዓመት ቀልድ ነው እንዴ፣ ጋሼ? እናክብራቸው እንጂ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እታገኘሁ ማስታወስ አትወድም። አንዷ ሳህኗን ተቀብላ ምግብ ልታነሳላት ሮጠች። ሌላዋ ስለ ጉልበቷ ጠየቀቻት። ትናንት «እቴ» ሲሏት የነበሩ ሴቶች «እማማ» ሲሉ ሰማች። ሰባ ሦስት የሚለውን ቁጥር ከራሷና ከመንግሥት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ማታ እናቷ የሆነውን ስትነግራት ሀሴት አፑን ከፍታ አየች። እሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴው ሰዓት፣ አንድ ሰው ገብቷል።

«ሃክ ተደርገሻል!» ብላ ጮኸች። «ከየት አገር እንደሆኑ እግዜር ይወቅ!» ወዲያው ደወለችና አይዲው እንዲቆለፍ አደረገች።

ያኔ ጉድ መጣ። ሁሉም በአንድ ቁልፍ ስለነበረ፣ አንዱ ሲዘጋ ሁሉም ተዘጋ። መድኃኒት ቤቱ የሐኪም ትእዛዙ አልታይ አለው። የኪራይ ቅናሹ ገጽ «ማንነትዎን ያረጋግጡ» አላት። ጡረታውም፣ የሆስፒታል ቀጠሮውም እንደዚያው። እታገኘሁ ሳሎኗ መሃል ቆማ «እኔ ነኝ እኮ!» አለችው ስልኩን። ስልኩ አላመናትም።

የሚከፈተው በአካል ስትቀርብ ነው ተባለ። ዘመድ ያልሆነ፣ ረጅም ዘመን የሚያውቃትም ምስክር ይዛ ትምጣ። እታገኘሁ ብታስብ ብታስብ፣ ከፍቅርተማርያም በፊት የሚያውቃት ሰው በዚህ አገር የለም። ኩራቷን ውጣ ደወለች። ፍቅርተማርያም ወዲያው እሺ አለች፤ እንዲያውም ጥድፊያውን አበዛችው።

ፉትስክሬይ ካለው መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሠራተኛዋ ወጣት ሴት ናት። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ አስተርጓሚ ጠራች።

«ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ የምሰማው ሁሉ በምስጢር የተጠበቀ ነው» አለ አንድ የታወቀ ወፍራም ድምፅ።

ሴቶቹ ተያዩ።

«ጋሼ አምሳሉ ነዎት?» አለች እታገኘሁ።

«ስሜን መናገር አይፈቀድልኝም» አሉ ጋሼ አምሳሉ።

ሠራተኛዋ ጠየቀች፤ ጋሼ አምሳሉ ተረጎሙ፦ «በአይዲዎ ማን እንደገባ የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

እታገኘሁ አፏን ሳትከፍት ፍቅርተማርያም ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ነኝ።»

«ምን?!» አሉ ጋሼ አምሳሉ፣ መተርጎሙን ረስተው።

«ዕድሜዋን ልይ ብዬ ነው። ፓስወርድ ሲለኝ ከክርስትና ስሟ ሌላ ምስጢር የላትም ብዬ፣ ቁርባን ላይ የሰማሁትን ጻፍኩ። ቁጥር ሲለኝ በሚካኤል ዐሥራ ሁለት አልኩት፣ እምቢ አለ። በማርያም ሃያ አንድ አልኩት፣ እሺ አለ። ማረጋገጫ ኮድ ልኬያለሁ ሲልም ኮዱ እዚያው እጄ ላይ መጣ። እኔ ምን ላድርግ?»

ጋሼ አምሳሉ ይህን ሁሉ በአጭሩ ተረጎሙት። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ፍቅርተማርያም ወደ እታገኘሁ ዞረች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ዕድሜሽን አይቼ ልወጣ ስል የዓይንሽን ኦፕራሲዮን አየሁ። ብቻሽን ልትገቢ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያልነገርኩሽ እንዳታውቂ ነዋ!» አለች እታገኘሁ። ፍቅርተማርያምን «አንቺ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሁለቱም ደነገጡ። «ዕድሜዬ አንድ ነገር ነው። መድኃኒቴ፣ ሕመሜ፣ ቤቴ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ገላዬን ስታጠብ በሩን በርግደሽ እንደገባሽ ቁጠሪው።»

ፍቅርተማርያም አንገቷን ደፋች። «አጥፍቻለሁ። ዕድሜሽ ብቻ ያለበት መስሎኝ ነበር። አንድ በር ከፍቼ ሁሉም ክፍል ይከፈታል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ሠራተኛዋ የተደረገው በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን ነገረችና እታገኘሁ መክሰስ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼ አምሳሉ ይህንንም ተረጎሙ። እታገኘሁ የባልንጀራዋን ጎንበስ ያለ አንገት ጥቂት አየች።

«አልከስም በሏት፣ ጋሼ። የዚችን ቅጣት እኔ አውቃለሁ።»

ምስክርነቱ ቀጠለ። ምስክሯም የራሷን መታወቂያ ማሳየት ነበረባት። ፍቅርተማርያም ካርዷን በሁለት ጣት ገፋ አደረገችው። ሠራተኛዋ የትውልድ ቀኑን ጮክ ብላ አነበበች፦ ጃንዋሪ አንድ። ዓመቱም የእታገኘሁ ዓመት።

«ሰባ ሦስት!» አለች እታገኘሁ።

«ሱዳን የገባነው በአንድ መኪና አይደል?» አለች ፍቅርተማርያም። «የመዘገበንም ያው ሰውዬ ነው። የእኔም ፊት ያን ዕለት አሸዋ ነበረበት።»

ከስልኩ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። «ይቅርታ፣ መስመሩ ነው» አሉ ጋሼ አምሳሉ።

አይዲው ተከፈተ። እታገኘሁ ስልኳን አስቆለፈች፤ ፓስወርዷንም ከስምም ከቅዱሳንም ቀን የራቀ አድርጋ ለወጠችው፣ ለሀሴት እንኳ አልነገረችም። በኦፕራሲዮኑ ዕለት ሆስፒታል ያደረሰቻት ፍቅርተማርያም ናት፤ እታገኘሁ የወሰነችባት ቅጣትም ዓይኗ እስኪድን ብሬብሩክ እየመጣች ጠብታውን እንድታደርግላት ነበር።

በማግስቱ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ከአፑ ማየት አስፈለገ። እታገኘሁ አንድ ዓይኗ ታስሮ መነጽር አያስደርግም፣ ሌላው ያለ መነጽር ፊደሉን አይለይም።

«በይ ፓስወርዱን ንገሪኝና ልጻፈው» አለች ፍቅርተማርያም።

እታገኘሁ ስልኩን ትራሷ ሥር ከተተችና ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ተነሳች።

«ነይ፣ ጫማዬን አቀብዪኝ። ሆስፒታሉ ሄደን እንጠይቃቸው። አውቶቡሱ ሩቅ አይደለም።»