ገደሉን ሊያዩ ነው

ገደል አፋፍ ላይ የሚያርሰው ምንይችል የገዛ ጥላውንም አያምንም። ከላሊበላ የሚመጡ እንግዶች በማሳው ዳር ባለችው ለጥ ያለች መንገድ ሲያልፉ፣ "ከየት ወዴት?" ብሎ ያስቆማቸዋል። አስጎብኚው ሁልጊዜ፣ "ገደሉን ሊያዩ ነው" ይለዋል።

"ከብት ያልጠፋበት ሰው ገደል ምን ያያል? የተቀበረ ነገር ቢኖር ነው እንጂ!"

አንድ ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ እነሱ ከነበሩበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል አፈጠጠ። ወርቅ የለ፣ ምን የለ። ቀዩ ገደል፣ የደረቀው ወንዝ፣ ከእግሩ በታች የሚያንዣብብ ጭልፊት ብቻ። እንደተቀመጠ መሸበት።

በማግስቱም ሄደ። እንዲያ ሲመላለስ ሰንብቶ፣ አንድ ምሽት ሚስቱ ባንቺዓለም ደጅ ላይ ጠበቀችው።

"ከየት ነው?"

"ገደሉን ሳይ ነበር።"

ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ከብቶቹማ ሁሉም በረት ገብተዋል። በል፣ ስሟን ንገረኝ።"