የሰይድ ቀኝ ትከሻ

ያን ቀን ሮቢት ሜዳ ላይ የነበርነው እኔ፣ አብሮ አደጌ ሰይድ፣ እናቱ እትዬ ዘሃራ፣ ጣሊያኑ የመንገድ ሥራ አለቃ፣ አስተርጓሚው፣ ጠመንጃ የያዙ ዘበኞቹ፣ ከኋላችንም ከአሊዩ አምባና ከማጀቴ የመጣ ስሙን የማላውቀው ብዙ ሥራ ፈላጊ ነበርን።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ይህን ለማንም አላወራሁም። ዛሬ ግን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ቃጫ ገመድ ውሃ እየረጨች ስትጠቀልል ያ የእርጥብ ቃጫ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ ሮቢ ወንዝ ውስጥ አብሬው ስንቦጫረቅ ያደግኩት ሰይድ ከነሳቁ ፊቴ ቆመ።

ለጣርማ በር መንገድ ድንጋይ ተሸካሚ ይቀጠራል ተብሎ ነበር። የተመረጠ ሰው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ ይሰጠዋል፤ እሷ የሌለችው ጎረምሳ በየኬላው ሽፍታ ነህ እየተባለ ይያዝ ስለነበር፣ ከደመወዙ ይልቅ ቆርቆሮዋን ነበር የምንመኘው። አለቃው የሚያየው መዳፍና ትከሻ ነው አሉ። ሰይድ ከልጅነቱ ጀምሮ የነጋዴ ጨው ሲሸከም ስላደገ ግራ ትከሻው እንደ በሬ ጫንቃ የደደረ ነበር። እሱ ግን «አንዱንማ ማንም አለው፣ እኔ በሁለቱም ልታይ» ብሎ፣ ዋዜማውን ወንዙ ዳር ተቀምጦ ቀኝ ትከሻውን በእርጥብ ቃጫ ገመድ እስኪበልዝ ሲፈትግ ዋለ።

«አንተ ልጅ፣ ቆዳህ ምን በደለህ?» አሉት እትዬ ዘሃራ።

«ሙሽራ ትኳል የለ እማ? እኔም ትከሻዬን እየኳልኩት ነው» ብሎ አሳቃቸው።

ተራው ሲደርስ አለቃው ግራውን ዳሰሰ፣ ወደደው፣ ቆርቆሮዋንም ከሳጥኑ አወጣት። ያኔ ሰይድ ዝም ቢል ኖሮ! ኩታውን ከቀኙ ገለጠና «ይኸኛውንም እዩልኝ» አለ። አለቃው የበለዘውን ቦታ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ሰይድ ሸሸት አለ። የአስተርጓሚው ድምፅ ተለወጠ።

«ይኼ ሲተኩስ የጠመንጃ ሰደፍ የመታው ነው ይላሉ።»

«ወላሂ ድንጋይ ነው! ድንጋይ ስሸከም ነው!»

«እንግዲያው ያን ድንጋይ ተሸከምና አሳየን።»

እትዬ ዘሃራ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እኔ በሆዴ «በቀኝህ፣ በቀኝህ» እላለሁ። ሰይድ ጎንበስ አለና ያን የሚያህል ድንጋይ ብድግ አድርጎ፣ ሰውነቱ እንደለመደው፣ ግራ ትከሻው ላይ አሳረፈው።

ድንጋዩን እንኳ ሳያወርድ ዘበኞቹ ያዙት፤ ወስደውም ካሚዮን ላይ ጫኑት። አለቃው ቆርቆሮዋን ገና በእጁ ይዟት ስለነበር ቀጥሎ ለቆምኩት ለእኔ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ኬላውን ሁሉ ያለፍኩት በእሷ ነው።

መንገዱ ተሠርቶ አልቆ መኪና ይመላለስበታል፤ ሰይድ ግን አልተመለሰም። ካሚዮኑ ሲነሳ ወደ እናቱ ዞሮ ጮክ ብሎ አንድ ነገር ተናግሯል፣ የሞተሩ ድምፅ ዋጠብን። ከኋላ በካሚዮኑ በኩል ቆማችሁ የነበራችሁ፣ የሰማችሁት ካለ ንገሩኝ። እትዬ ዘሃራ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል።