ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ያጣነው ብርሃን

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ካላክላ በሚባል የዋና ከተማዋ ሰፈር ለሐበሻ ልጆች ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ፕላዝማ አጠናለሁ። ያን ቀን ግን ክፍል ውስጥ የነበረው አካሌ ብቻ ነው። በውሰት ያመጣነውን ስፔክትሮሜትር ባለቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ሊወስዱት ቀጥረዋል፤ እኔ የመመረቂያ ጽሑፌ የቆመባትን አንዲት የብርሃን መስመር ገና አላየኋትም። ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ቢለቀቅልኝም አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ መኪናው የሚዘገይ መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርጎን የሚባለውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ እያሳለፍን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስንሰጠው፣ ከቱቦው ጫፍ ሐምራዊ ነበልባል ይወጣል። መብረቅ አንሶና በርዶ በጣት የሚነካ ሲሆን ማለት ነው። ይህ ፕላዝማ ከተራው አየር ጋር ሲገናኝ የአየሩን እርጥበት ይሰባብራል። ከውሃ ሞለኪውል አንድ ሃይድሮጅን ሲነጠል የሚቀረው ሃይድሮክሲል ይባላል፤ ያገኘውን የሚነክስ፣ ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ፣ ጀርም በመግደል የሚታወቅ ነገር ነው። ይዞ መመዘን አይቻልም። የሚያጋልጠው ብርሃኑ ነው፤ ሦስት መቶ ዘጠኝ ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት። ስፔክትሮሜትሩ ብርሃኑን በታትኖ ኮምፒውተሩ ላይ ተራራና ሜዳ አድርጎ ይስለዋል። እኛ ሥዕል ላይ የናይትሮጅን ተራራ ነበረ፣ የአርጎንም ነበረ። ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ግን ሜዳ።

«መጣህ ኡስታዝ?» አለችኝ የላብራቶሪ ጓደኛዬ ገና በሩን ስከፍት። ከወሎ ከመጡ ወላጆች ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር የተወለደች ናት፤ ማስረዳት ስለምወድ በዐረብኛ መምህር እያለች ታሾፍብኛለች።

«እርጥበት እንዲይዝ ጋዙን በውሃ ውስጥ አሳለፍሽው?»

«ከጠዋት ጀምሮ። አሁን ዋና ለምዷል። መስመርህ ግን ማፊ፣ የለችም።»

አማካሪያችን፣ ሽበታም ሱዳናዊ ፕሮፌሰር፣ ከትናንት ወዲያ «ካልታየ አልታየም ብለህ ጻፍ» ብለውኝ ነበር። እረፍት የነሳኝ ይኸው ነው። ሃይድሮክሲሉ እያለ የለም ብዬ ብጽፍ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እኔን አምኖ ይሄዳል። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ጓደኛዬ «ቁጭ በል፣ ወለሉን ጨረስከው!» አለች። አልቻልኩም። ቆሜ ሥዕሉን አጎላሁት።

ያኔ ነው ያየሁት። ሦስት መቶ ሠላሳ ሰባት ላይ ትልቅ የናይትሮጅን ተራራ አለ። ወንድሙ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ላይ መቆም አለበት፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ስለሚወጡ ቢያንስ የታላቁን ግማሽ ያህል መሆን ነበረበት። የእኛው ግን ጉብታ ብቻ ነው።

«ከምንጩ ደህና ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ከስቷል» አልኳት። «መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ።»

ሁለታችንም ዞረን መስታወቱን አየነው።

እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ያልተሸፈነ ነገር የለም። ማይክሮስኮፑ ፌስታል ለብሷል፣ ኮምፒውተሩ ጨርቅ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ፕላስተር አለበት። አቧራው ሌላ ምርጫ አይሰጥም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በመጀመሪያው ቀን፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ስፔክትሮሜትሩ የሚወስደውን ቀጭን ገመድ፣ የፋይበሩን ጫፍ፣ ሣጥን ውስጥ አድርገው ፊቱን በተሰበረ የመደርደሪያ መስታወት ገጠሙት፤ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ነው። በየቀኑ ወልውለነዋል። ከሙከራው ጋር የቆጠረው ግን ማንም የለም። ተራ መስታወት ዓይን የሚያየውን ብርሃን ያሳልፋል፣ አልትራቫዮሌቱን ይውጣል።

«ንቀለዋ!»

«እሳቸው በእጃቸው ያጣበቁትን?»

«እና ጂን መጥቶ እስኪነቅልልህ ልትጠብቅ ነው?»

ፕሮፌሰሩ ገቡ። ከለቅሶ ቤት ስለመጡ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ትልቅ ጥምጣም ጠምጥመዋል። ከናይትሮጅን ተራሮች ጀምሬ፣ ስለ ወንድማማቾቹ፣ ስለ ምንጩ ሳስረዳ ጓደኛዬ በዐረብኛ አቋረጠችኝ። «ያ ዶክቶር፣ መስታወቱ ብርሃኑን እየበላው ነው።»

መስታወቱን አዩት፤ ከዚያ መስኮቱን። ውጭ ሰማዩ ቀልቷል፣ አቧራው በማይገጥመው መስኮት ሥር እየገባ ነው።

«አቧራ አይነካውም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። «መሣሪያው የሰው ነው።»

ከበሩ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሊወስዱት መጡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብዬ ፕሮፌሰሩን ልለምናቸው ስል፣ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንሥተው ጥምጣማቸውን መፍታት ጀመሩ። ረጅም ነው፣ አያልቅም። «ያላ፣ ያዙ!» አሉን። ሣጥኑንና ቱቦውን ድንኳን አድርገን ከበብናቸው። መስታወቱን ራሳቸው ነቀሉት።

ነበልባሉን አቀጣጠልኩ። ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ተራራ ቆመ። ከናይትሮጅኑ ይበልጣል። ጓደኛዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የፕሮፌሰሩን የለቅሶ ልብስ አይታ ዋጠችው።

የጋዙን ፍሰት እየቀያየርኩ ብዙ ልለካ አስቤ ነበር። ሁለተኛውን እንደጨረስኩ ሹፌሩ በሩ ላይ ቆመ፤ ፕሮፌሰሩን ያለ ጥምጣም፣ በኮፍያቸው ብቻ ሲያይ ደንግጦ ሰላምታውን ረሳ። መሣሪያውን ወሰደ።

«አሁን ምን ልትጽፍ ነው?» አሉኝ።

«አለ ብዬ።»

«ከፍሰቱ ጋር እንዴት ይለወጣል?»

«በሁለት ልኬት አላውቅም።»

«አላውቅም የሚለውንም ጻፍ።»

«መስታወቱንስ ይጻፈው?» አለች ጓደኛዬ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ይጻፈው። ውፍረቱንም ይለካው» አሉ ጥምጣማቸውን እያራገፉ። «ማን እንዳጣበቀው ግን ሳይንስን አያገባውም።»

የጽሑፌን ርዕስ በዚያው ሳምንት ቀየርኩት፤ «ምን ያህል» የሚለው ወጥቶ «መኖሩን ማረጋገጥ» ገባ። የአሠራር ምዕራፉ ውስጥ ስለ መስታወቱ አንድ ሙሉ ገጽ አለ። ጓደኛዬ አንብባ በዛ አለች። እኔ ግን ከዚያ ውስጥ የምቀንሰው ዓረፍተ ነገር አጣሁ።