ክፍቱ ወይስ ዝጉ

መምህር ካሳሁን ከሐይቅ ዳር ቤቱ ተነስቶ ፒያሳ አጠገብ እስካለው ትምህርት ቤት ለመድረስ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ቢበቃው ነው። እሱ ግን አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው በሐዋሳ መንገድ ላይ እንዲሁ አያልፍም። የባንኩ ጥበቃ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ፋርማሲስቷ፣ ሁሉም የድሮ ተማሪዎቹ ናቸው። ሁሉም ያስቆሙታል፤ ጤናውን፣ ልጁን፣ ጉልበቱን ይጠይቁታል። «ኧረ ሰው አላሳልፍ አለኝ!» እያለ ስታፍ ሩም ውስጥ ያማርራል። ውሸቱን ነው። አንድ ቀን ማንም ሳያስቆመው ቢደርስ ታሞ ይተኛ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጥበት ግን ጋሽ ደበሌ ነው። ጋሽ ደበሌ ፒያሳ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነው፤ ካሳሁንን በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠዋል። የሰርግ ሱፉን የሰፋለት እሱ ነው፤ ሚስቱ የሞተች ጊዜም ሳምንት ሙሉ ከጎኑ አልተለየም። ካሳሁን ጠዋት ብቅ ሲል ሽማግሌው ሥራውን ትቶ ይነሳል፤ ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማን ዝቅ ይላል እየተባባሉ ይጎነበሳሉ።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ካሳሁን ሞተር ገዛ። ሄልሜት ሊመርጥም ልጁን ሮዳስን ይዞ የድሮ ተማሪው ሙባረክ ሱቅ ገባ። ሙባረክ ሁለት ጥቁር ሄልሜቶች አወጣ። አንዱ እስከ አገጭ ድረስ ፊትን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ፣ ዓይን ላይ መስታወት ያለው ነው። ሌላው ጭንቅላትን ብቻ ሸፍኖ ፊትን ክፍት ይተዋል።

«ክፍቱ ይሻለኛል፤ ያኛው ያፍናል» አለ ካሳሁን።

ሮዳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አምስተኛ ዓመት ናት። «አባዬ፣ ድንገተኛ ክፍል ስንት የተሰበረ አገጭ እንደማይ ታውቃለህ? ዝጉን ነው የምታደርገው!»

ካሳሁን «ያፍናል» ያለው ሰበብ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው «ፊቴ እንዲታይልኝ ነው» ብሎ ለልጁ እንዴት ይነግራል? ደግሞ ምን ፊት አለና! ዝጉን ታቅፎ ወጣ።

በማግስቱ በስድስት ደቂቃ ትምህርት ቤት ደረሰ። ለባንኩ ጥበቃ ፈገግ አለለት፤ ፈገግታው መስታወቱ ውስጥ ቀረ። ፋርማሲስቷን «እንደምን አደርሽ» አላት፤ የሰማው ራሱ ብቻ ነው። በጋሽ ደበሌ ፊት ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አደረገ፤ ሽማግሌው ግን ክር መርፌ ውስጥ እያስገባ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ከተማው እንደ እንግዳ ተመላለሰ።

ቅዳሜ ሱሪ ሊያሳጥር ጋሽ ደበሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ከመኪናው ቀና አላለም።

«ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?»

«ጋሼ! እኔ ነኝ እኮ፣ ካሳሁን።»

«ሞተር ገዙ አሉ። በዚህ በኩል ማለፍ ትተዋል መሰለኝ።»

«በየቀኑ አልፋለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አልፈው ነዋ ሰላም የማይሉኝ!»

ልጅነቱን የሚያውቅ ሰው «እርስዎ» ሲለው ካሳሁን አላስቻለውም። ሱሪውን እንደያዘ ሙባረክ ሱቅ በረረና ዝጉን በክፍቱ ለወጠ። ሙባረክ «ቲቸር፣ ሮዳስ ታውቃለች?» ቢለው «ክፍል ውስጥም ያልተጠየቅከውን ነበር የምትመልሰው!» ብሎ አፉን አስያዘው።

ሰኞ ጠዋት ፊቱን ገልጦ ወጣ። ሐይቁ ዳር ሁለት ሦስት ትንኝ ዋጠ፤ ግድ የለውም። ጥበቃው እጁን አነሳለት፤ ፋርማሲስቷ በስሙ ጠራችው። ጋሽ ደበሌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሏል። ካሳሁን የሦስት ሳምንቱን በአንድ ጊዜ ሊክስ ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገና ጎንበስ አለ። በጣም ጎንበስ አለ። የሒሳብ መምህሩ በአንድ እጅ የተያዘ መሪ ወዴት እንደሚዞር አላሰላም። አስፋልቱን ሰላም ያለው በአገጩ ነው።

ጋሽ ደበሌ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጦ ደረሰ፤ አንስቶ ባጃጅ ውስጥ ከተተውና ሆስፒታል ወሰደው። ድንገተኛ ክፍል ማን ብትጠብቀው ጥሩ ነው? ሮዳስ። አባቷን አየችው፤ ክፍቱን ሄልሜት አየችው፤ መርፌዋን አነሳች። ጋሽ ደበሌ ከጀርባዋ ቆሞ «ጠጋ ጠጋ አድርጊው ልጄ፤ ስፌቱ ተራራቀ» ይላል። ከዚያ ወደ ካሳሁን ዞረ።

«አንተ ሞኝ! ለሰላምታ ብለህ ልትሞት ነበር? ዝጉን አድርግ። በእኔ በኩል ስታልፍ ሁለቴ ክላክስ አድርግልኝ፤ ይበቃኛል።»

እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ ብሎ ካሳሁን በራሱ ሳቀ፤ የተሰፋው አገጩ ግን ሳቁን አልወደደለትም። ዝጉን መልሶ ወሰደ። ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፤ ሽማግሌው ብድግ ብሎ ይጎነበሳል፤ ካሳሁን ደስ ብሎት ያልፋል።

አንድ ጠዋት ዳቦ የጫነ ሞተረኛ ቀደመው። በረንዳው ጋ ሲደርስ ውሻ ገባበትና ሞተረኛው ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ጋሽ ደበሌ ስፌቱን ጥሎ ተነሳ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ሞተረኛው ዞር ብሎም አላየው። ካሳሁን መጀመሪያ ቅናት ያዘው፤ ቀጥሎ አፈረ። ሞተሩን አጠፋ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ እኔ አይደለሁም።»

«በምን ልወቅ? ሁላችሁም ጥቁር፣ ሁላችሁም ዝግ። ዛሬ ብቻ አሥራ አንዴ ተነስቻለሁ።» ሽማግሌው ወገቡን ያዝ አደረገ። «ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ አንተ ብትሆንስ?»

 ካሳሁን ሄልሜቱን አወለቀ፤ ለማውለቅ የፈጀበት ሁለት ሴኮንድ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በእግሩ ሲሄድ ለሰው ሁሉ ይቆም እንደነበር ያኔ ትዝ አለው። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ።

አሁን የሚያደርገው ዝጉን ነው። ጥበቃው ጋ ይቆማል፣ ያወልቃል። ፋርማሲስቷ ጋ ይቆማል፣ ያወልቃል። ጋሽ ደበሌ ጋ ወንበር ይቀርብለታል። ከሐይቅ ዳር ትምህርት ቤት በሞተር አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። «ኧረ ሰው አላሳልፍ አለኝ!» እያለ ስታፍ ሩም ይገባል።