ገዳዩን ሳላውቅ የተወሰደብኝ መጽሐፍ

ዛሬ መተማ ዮሐንስ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበሩት ሰውዬ መጥተው «የልጅ ልጄን እንግሊዝኛ አስተምርልኝ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ።

ያኔ ተማሪ ሆኜ እንግሊዝኛ የማጠናው ከድንበሩ ማዶ ካለችው የሱዳን ከተማ ከገላባት በመጣ የእንግሊዝኛ የግድያ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነበር። ታሪኩ ልብ ሲሰቅል ቃሉ አይረሳም። አዳዲሶቹ ቃላት ላይ አሰምርባቸው ነበር፦ ድንበር፣ ሽጉጥ፣ ማምለጥ።

እሳቸው «ሱዳን ላሉ ፀረ አብዮተኞች የሚላክ ምስጢር ነው» ብለው መጽሐፉን ወሰዱ፤ እኔን ሦስት ሳምንት አሰሩኝ። (እንግሊዝኛ አያውቁም። የቃላቱን ትርጉም በገጹ ጠርዝ ላይ በአማርኛ ጽፌ ማስረጃ ያቀረብኩላቸው እኔው ነኝ።)

«ጋሼ፣ መጀመሪያ መጽሐፌን ይመልሱልኝ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም» አልኳቸው።

«የምን መጽሐፍ?» አሉኝ።

እናንተስ ምን ተወሰደባችሁ? የወሰደው ሰው ቢረሳውም ጻፉልኝ።